አስመረት እንዳትሰማ

ጳጉሜ ለአስመረት ትመቻታለች። አሮጌው ዓመት ጨርሶ አልወጣም፣ አዲሱም ገና አልገባም፤ በመሃል ያለችው ይህች ቁራጭ ወር የማንም አይደለችም። ገርጂ ያለው ኮንዶሚኒየም በጭጋግ ተሸፍኖ ይሰነብታል። ወደ ቦሌ የሚወርዱት አውሮፕላኖች ከደመናው ውስጥ ድምፃቸው ብቻ ይሰማል፤ አንዳንዴም አንዲት ቀይ መብራት ከሰማይ ተንሸራታ ከጣሪያዎቹ ጀርባ ትጠፋለች። አስመረት ጋቢዋን ተከናንባ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጥና፣ ተኝታ ይሁን ነቅታ ራሷም ሳታውቀው ይመሻል።

ዘንድሮ ግን ጳጉሜ ግድያ ይዛባት መጣች።

ሟቹ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ብርሃኑ ነው፤ በአስመረት አባባል ማለት ነው። ብርሃኑ በየማለዳው ግቢው ውስጥ መኪናውን ሲያጥብ ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ይከፍትና ከዜና አንባቢው ጋር ይከራከራል። ብሎኩ ሁሉ የሚነቃው በእሱ ክርክር ነው። ስንት ጊዜ ተለምኖ እምቢ ያለ ሰውዬ ሰሞኑን በገዛ ፈቃዱ ዝም አለ። መኪናው ላስቲክ ለብሳ ቆማለች። ይሄ ደግሞ ጭራሽ የማይሆን ነገር ነው፤ ብርሃኑ ዝናብ በነፃ ያለቀልቅልኛል ብሎ ክረምቱን ሙሉ መኪናውን ሜዳ ላይ የሚያሳድር ሰው ነው።

«ገድላዋለች» አለች አስመረት።

«ማን?» አለች ሃረገወይን።

«አልማዝ ናታ። ሚስቱ።»

ሃረገወይን የያዘችውን ሻይ ልትደፋው ምንም አልቀራት። በሯ ከአስመረት በር ፊት ለፊት ነው፤ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፣ የምርመራ ባልደረባዋም ናት። ምርመራ ሲባል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከገመድ ላይ ካልሲ የሚሰርቀው ማነው የሚለውን ጉዳይ የፈቱት እነዚህ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ቁራ ነበር። የሁለተኛ ፎቁ ተከራይ ለፋሲካ ያሰራት ዶሮ ደረጃው ላይ ሞታ የተገኘች ጊዜም ገዳዩን አፉ ላይ በቀረች ላባ ይዘውታል። ድመት ነበር፤ ጥፋቱንም አልካደም። አስመረት ታስባለች፣ ሃረገወይን ትዞራለች። ሃረገወይን አንድ ጉድለት ብቻ አለባት፤ ነገር ሆዷ ውስጥ አያድርም። ጥርጣሬሽን ጠዋት ብትነግሪያት ከሰዓት በኋላ ተጠርጣሪው ራሱ መልስ ይዞ በርሽን ያንኳኳል።

«ብርሃኑ እኮ ሐዋሳ ሄዷል» አለች ሃረገወይን፣ ሻዩን አስቀምጣ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል... አልማዝ ናታ።»

«እሺ፤ ትናንት ደረጃ ላይ አግኝቻት ስጠይቃት አዳማ ነው ያለችኝስ? ልጅቷስ?»

ልጅቷ የአልማዝና የብርሃኑ ልጅ ሊድያ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በመጣች ቁጥር አማርኛዋ እየሳሳ የሄደ፣ ልቧ ግን ደህና የሆነች ልጅ። አስመረት በር ላይ አስቁማ ስትጠይቃት ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ነገር ነቅላ፣ «ዳዲ? እሱ... ቢዝነስ ትሪፕ ነው እትዬ አስሙ። አክቹዋሊ ዱባይ ነው» ብላ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ሽቅብ ሮጣለች።

«አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ዱባይ» አለች አስመረት። «አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ሦስት ቦታ የሚገኘው ተቆራርጦ ከሆነ ብቻ ነው።»

«በስመአብ በይ!» አለች ሃረገወይን።

አስመረት በስመአብ አለች፤ ከልቧ ግን አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ይህን ግድያ ወዳዋለች። ሰው ካልተገደለ ስለ ሃይለኣብ ማሰብ ሊኖርባት ነው፤ ስለ ሃይለኣብ ማሰብ ደግሞ አልፈለገችም።

ሃይለኣብ ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ሌላ ልጅ አልወለደችም። ባሏም ካረፈ ቆይቷል። ሃይለኣብ አዲግራት ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይደውልና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጓል ኣደይ! የእናቴ ልጅ! አለሽ?» ይላታል። «የት እሄዳለሁ?» ትለዋለች። ወሬያቸው ከዚህ ብዙም አያልፍም፤ ሳምንቱ ግን የሚቆመው በዚህች ወሬ ላይ ነው። ክረምት ሲመጣ በካርቶን በለስ አሽጎ በአውቶቡስ ይልክላታል። ብርሃኑ ላምበረት መናኸሪያ ሄዶ ካርቶኑን ይቀበልላትና ጣቱን እሾህ ወግቶት እየተራገመ ይመጣል። ለመስቀል ሃይለኣብ ራሱ ሊመጣ ቃል ገብቶላት ነበር።

ባለፈው እሁድ ግን አልደወለም። ስትደውልለት ስልኩ ዝግ ነው። ሰኞም ዝግ ነው፣ ማክሰኞም።

«ኔትዎርክ ነው» ብላ ነበር ለሃረገወይን።

«ኔትዎርክ ነው» አለቻት ሃረገወይንም፣ ቃሏ ሳያልቅ።

ቀን ቀን መስኮቱ ላይ ስታንጎላጅ ሃይለኣብ እየመጣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ይቀመጥና በለስ ይልጣል። ጭጋጉ ቤት ውስጥ ድረስ ይገባል። ልጣጩ በቢላው ሥር እየተጠቀለለ ይወርዳል፣ እሾህ የሚነካው አይመስልም፤ አንድም ቃል ግን አይተነፍስም። ትባንናለች። ቶሎ ብላ ስለ ብርሃኑ አስከሬን ታስባለች፤ ያኔ ትረጋጋለች።

ማስረጃው በየቀኑ ይቆለል ጀመር። መጀመሪያ የተገኘው ከብሎኮቹ ጀርባ ባለው፣ ነዋሪው ኮሚናል በሚለው የጋራ ማብሰያ ቤት ነው። አስመረት ጓሮዋን ዞራ ልትመለስ ስትል በሩ ገርበብ ብሎ አየችው። ውስጡ ሁለት ጎላ ድስት ሙሉ ስንዴና ሽምብራ ተዘፍዝፏል። አጠገቡ አንድ ጆንያ ሽንኩርት አለ።

«ለእንቁጣጣሽ ነው» አለች አልማዝ፣ ከየት መጣች ሳትባል ከኋላዋ ደርሳ። ዓይኗ ቲማቲም መስሏል።

አስመረት ጎንበስ ብላ ድስቶቹን አየች። በዕድሜዋ ለእንቁጣጣሽ ንፍሮ የቀቀለ ሰው አይታ አታውቅም። ንፍሮ የለቅሶ ቤት ነው። ሴትየዋ ባሏን ገድላ ስታበቃ ለቅሶውን አስቀድማ እያሰናዳች ነበር። ጨካኝ ብትሆንም ባለሙያ ናት ስትል አሰበች።

ቀጥሎ ድንኳኑ ወጣ። የእድሩ ዳኛ አቶ ሱሌማን ከሁለት ወጣቶች ጋር የእድሩን ድንኳን ከመጋዘን አውጥተው ዘረጉት። አስመረት ከመስኮቷ ሆና ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቀች።

«ሻግቷል አስመረት፣ ፀሐይ እናስመታው ብለን ነው» አሉ አቶ ሱሌማን። የሚናገሩት ጃንጥላ ሥር ሆነው ነው። ዝናቡ ድንኳኑን እየወገረው ነበር። አቶ ሱሌማን ሽቅብ ሰማዩን አዩና፣ «ብቅ ማለቷ አይቀርም» ብለው አቀረቀሩ። ሰውዬው ሐጅ ያደረጉ፣ በዕድሜያቸው ዋሽተው የማያውቁ ናቸው፤ እንዴት እንደሚዋሽ አለማወቃቸውም ያስታውቅ ነበር።

ከዚያ ጉቦው ተጀመረ። አንዷ ሾርባ ይዛ መጣች። ሌላዋ ዳቦ። በመንገድ ሰላም ብሏት የማያውቅ የአራተኛ ፎቅ ተከራይ የገዛችውን ውሃ ተቀብሎ በሯ ድረስ አደረሰላት። ሁሉም ሲስሟት ያቆያሉ፤ ትከሻዋን ይዘው አይለቁም። ብሎኩ በሙሉ እጁ አለበት ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆማ የአልማዝን ድምፅ በጆሮዋ ሰማች፤ «ብቻ አስመረት እንዳትሰማ። ሁሉም ነገር ተሟልቶ እስኪያልቅ እሷ እንዳትሰማ።»

አስመረት ግድግዳውን ተደግፋ ፈገግ አለች። ኮራች ቢባል ይሻላል። በዚህ ሁሉ ሰው መካከል ወንጀለኞቹ የሚፈሩት እሷን ብቻ ነው።

«ነገሩ አልቋል» አለቻት ለሃረገወይን። «አሁን የቀረን አስከሬኑ ነው።»

ሃረገወይን በዚያ ቀን መልኳ ጠቁሮ ነበር። ሰሞኑን ክስት ብላለች፤ የተነገራትንም ለማንም አውጥታ አትናገርም። አስመረት ይህንን ያስተዋለችው በኋላ ነው። «እሱን ተይውና» አለች ሃረገወይን፣ «አንድ ሰው ብርሃኑን መገናኛ አየሁት ብሎኛል። ነገ ሄደን እንይ።»

በማግስቱ ጳጉሜ ሦስት፣ ሩፋኤል ነበር። ያን ዕለት የሚዘንብ ዝናብ ጠበል ነው ስለሚባል የግቢው ሕፃናት በፓንት ብቻ ሆነው ይፈነጥዛሉ። ሁለቱ ሴቶች ነጠላቸው ላይ ፌስታል አድርገው ታክሲ ተሳፈሩ። መገናኛ ውሃ ውስጥ ያለች ከተማ ትመስል ነበር። ረዳቶች የሚጠሩት የሰፈር ስም ዝናቡ ውስጥ ይሟሟል፤ ባቡሩ ከላይ ያለ ድምፅ ያልፋል፤ ጃንጥላ ሻጮች የተዘረጉ ጃንጥላዎቻቸውን ይዘው ይንሳፈፋሉ።

«ያውልሽ!» አለች ሃረገወይን፣ ጣቷን በዘፈቀደ ወደ ሰዉ እየጠቆመች።

ብርሃኑን የሚመስል ቡናማ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ነበር። ተከተሉት። ካልሲ መረጠ፤ እነሱም አጠገቡ ካልሲ መረጡ። በቆሎ ገዛ፤ እነሱም ገዙ። ድልድይ ወጣ፣ ወጡ። ሰውዬው በመጨረሻ ዞር ብሎ፣ «እናቶቼ፣ የምታውቁት ሰው መሰልኳችሁ?» አላቸው። ጥርሱ ወርቅ ነው። ብርሃኑ የወርቅ ጥርስ የለውም።

አስመረት በቆሎዋን እንደያዘች ሳቀች፤ እስክትንፈራፈር ሳቀች። «ሃይለኣብ ሲደውል ይሄን ነው የምነግረው! ጂኦግራፊ አስተማሪው በሳቅ ይሞታል!» አለች።

ሃረገወይን ፊቷን ወደ ባቡር ሐዲዱ አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ምነው? ታለቅሻለሽ እንዴ?»

«ጉንፋን ነው» አለች። «ዝናቡ ነው። ተይኝ እስቲ።»

አስመረት ፌስታሏን አውልቃ በሃረገወይን ራስ ላይ ደረበችላት።

ወደ ግቢው ሲመለሱ እየመሸ ነበር። ሃረገወይን ወደ ቤቷ ገባች። አስመረት ግን ቆርጣለች። ቴሌቪዥን ላይ በሚታየው ፊልም መርማሪው መጨረሻ ላይ ሰዉን ሁሉ ሰብስቦ ገዳዩን በስም ይጠራል። እሷ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ አልማዝን ፊት ለፊት ትጠይቃታለች፤ ሰዉ ጩኸት ሲሰማ በራሱ ጊዜ ይሰበሰባል። ጉልበቷን እየደገፈች ደረጃውን ጀመረች።

የሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ፣ ግድግዳው ክፍት በሆነበት በኩል፣ ትንፋሿን ልትሰበስብ ቆመች። ዝናቡ ወደ ካፊያ ዞሯል። ታች አንድ የራይድ ታክሲ ከጭጋጉ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። የኋላው በር ተከፈተ፤ ብርሃኑ ወረደ።

ብርሃኑ! ሙሉ ብርሃኑ፣ እጁም እግሩም ያለ፣ ቦርሳ ያነገተ። አስመረት ከደስታዋ ብዛት ልትጣራ አፏን ከፈተች። እልልታ ሊያመልጣት ነበር። ምን ዓይነት ጥሩ ሰውዬ ነው፣ ሬዲዮኑን እንዳሻው ይክፈት፣ ከነጋ እስኪመሽ ይክፈት ብላ አሰበች።

ከዚያ ብርሃኑ በሩን ይዞ ቆመ፤ አንዲት ልጅ ወረደች። ከእግር እስከ ራሷ ጥቁር ለብሳለች። ቀና ብላ ብሎኩን አየችው፤ ግራ ትከሻዋን ትንሽ ዘንበል አድርጋ መራመድ ጀመረች። እንዲያ የሚራመድ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። በልጅነቱ እሷ በአንድ ወገን አዝላው ነው እንዲያ የሆነው፣ እናቱ ብትኖር ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር እያሉ ጎረቤቶች ይቀልዱባት ነበር። አባቷን ተከትላ ልጅቷም እንደዚያው ነው የምትሄደው። ሄርሞን ናት። የሃይለኣብ የበኩር ልጅ።

አልማዝ ሮጣ ወጣችና ልጅቷን አቅፋ አፏን በነጠላዋ አፈነችላት፤ ድምፅ እንዳይወጣ። አቶ ሱሌማን ወደ አስመረት መስኮት ተገላምጠው አዩ። መስኮቱ ጨለማ ነበር።

አስመረት ከግድግዳው ጋር ተጣበቀች። ማስረጃው ሁሉ በቦታው ነበር። ንፍሮው ንፍሮ ነው። ድንኳኑም ድንኳን ነው። አልማዝም ያለቀሰችው እውነቷን ነው። አንዱንም አልሳተችም፤ የሳተችው ሟቹን ብቻ ነው።

መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው። የሞተበት ሰው ብቻውን እንዳይሰማ፣ ዘመድ እስኪመጣ ይጠበቃል፣ ንፍሮው ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ሊነጋጋ ሲል ሰዉ ተሰብስቦ ያንኳኳል። እሷም ራሷ ስንት ሰው በር ላይ ንጋት ላይ ቆማለች። በር የሚንኳኳበት ሰው ሆና ግን ነገሩን ከዚህ ወገን አይታው አታውቅም ነበር። የተደወለው ለብርሃኑ መሆን አለበት፤ የበለሱ ካርቶን ላይ የሚጻፈው የእሱ ስልክ ነው። አዲግራት ድረስ ሄዶ በእሷ ፈንታ አፈር አልብሶላታል። ልጅቷን ይዞላት መጥቷል። ይህ ብሎክ በሙሉ፣ መዋሸት የማይችለው ሁሉ፣ ለእሷ ሲል ሳምንቱን ሙሉ ሲንተባተብ ከርሟል።

መጮኽ ትችል ነበር። አሁን ብትጮህ ግን ልጅቷ ገና ከመንገድ መግባቷ ነው፤ እህል አልቀመሰችም። ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ማንም እስካልነገራት ድረስ ሃይለኣብ ስልኩ ዝግ ነው እንጂ አልሞተም። አንድ ምሽት ልታኖረው ትችላለች። አዝላ አሳድጋው የለ፣ አንድ ምሽት አያቅታትም።

ግድግዳውን እየዳሰሰች ወረደች።

ቤቷ ገብታ መብራት አበራች። ሰው ስለሚመጣ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠጋች፤ መሃሉ ተከፈተ። ቆም ብላ አየችውና መልሳ ወደ ቦታቸው ጎተተቻቸው። ተስተካክሎ ካገኙት ያውቁባታል። ጥቁር ቀሚሷን ከቁም ሳጥኑ ጥግ አምጥታ ከፊት ሰቀለችው፤ የቁም ሳጥኑን በርም ዘጋችው።

ሃረገወይን ልታያት መጣች፤ በር ላይ እንደቆመች፣ «ምን ላይ ደረስን?» አለች። ድምፅዋ ሰልሏል።

«ዘግቼዋለሁ» አለች አስመረት።

«ምኑን?»

«ምርመራውን ነዋ። ብርሃኑ ሐዋሳ ነው፣ አንቺ እንዳልሽው። ንፍሮውም... ሰው ካማረው ምን ይደረጋል። አርጅቻለሁ መሰለኝ ሃረጉ፣ በየቦታው ሬሳ ይታየኛል።»

ሃረገወይን ለረጅም ጊዜ አየቻት። «በይ እሺ፣ ተኚ» አለች። «በደንብ ተኚ። እህል ቀምሰሻል?»

«በቆሎዬን በልቻለሁ።»

«በሩን አትቆልፊው፤ ድንገት... ጉንፋኑ ከባሰብኝ እመጣለሁ።»

«አልቆልፈውም» አለች አስመረት።

ተኛች። አንድ አውሮፕላን ከጣሪያው በላይ ዝቅ ብሎ አለፈ፤ ድምፁ ቤቱን ሞላውና ሄደ። ሃይለኣብ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዛሬ በለሱን ልጦ ጨርሷል። ቀዩን ፍሬ በመዳፉ ይዞ ዘረጋላት፤ ተቀበለችው፤ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነበር። «አለሽ?» አላት። «የት እሄዳለሁ?» አለችው።

ሊነጋጋ ሲል ደረጃው ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ፤ ሁሉም ቀስ ብለው ለመርገጥ ይሞክራሉ፣ ማንም አልቻለበትም። አንዱ አሳለ። ከዚያ በሩ ተንኳኳ።

አስመረት ተነስታ ተቀመጠች። ፀጉሯን በእጇ በተን አደረገችና ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ድምፅዋን አጎርንና፣ «ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለች ሃረገወይን።

ገቡ። አቶ ሱሌማን ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አልማዝ፣ ሊድያ፣ የአራተኛ ፎቁ ተከራይ፣ ከመጨረሻ ደግሞ ብርሃኑ። መናገር የነበረበት እሱ ነው፤ ከሬዲዮ ጋር የሚከራከረው ብርሃኑ አፉን ከፈተና አንድም ቃል አልወጣ አለው። ዞር ብሎ ከኋላው ያለችውን ልጅ ብቻ አሳየ። ሄርሞን ትከሻዋን ዘንበል አድርጋ ገባች፤ «አክስቴ» ብላ እግሯ ላይ ወደቀች።

አስመረት ያን ጊዜ ጮኸች። ለነሱ ስትል ልታስመስለው አስባ ነበር፤ ማስመሰል ግን አላስፈለጋትም። ጩኸቱ ምሽቱን ሙሉ ከያዘችበት ቦታ ወጣ፤ ደረጃውን ወርዶ ግቢው ውስጥ ተሰማ፤ ታች ድንኳኑን የሚተክሉት ወጣቶች ካስማውን ይዘው ቆሙ። ልጅቷን አንስታ እቅፏ ውስጥ አስገባቻት፤ የእናቴ ልጅ፣ የእናቴ ልጅ እያለች አነባች።

ሴቶቹ ከግራና ከቀኝ ደገፏት። ከቀኝ የያዘቻት ሃረገወይን ነበረች። ወሬ ሆዷ የማያድረው ሃረገወይን፤ ኮቷ ሥር ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። ለቅሶው መሃል አስመረት ወደሷ ዘንበል አለች፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ፣ ማንም እንዳይሰማ በጆሮዋ ጠየቀቻት።

«ይሄን ሁሉ ቀን እንዴት ቻልሽው?»

ሃረገወይን ቀና ብላ አየቻት፤ የማታው «ዘግቼዋለሁ» አሁን ገባት።

«አልቻልኩም» አለች፤ አንገቷ ላይ ተጠምጥማም ማልቀስ ጀመረች።